አንድ ኪሎ ስንዴ፣ ሃምሳ ኩንታል ጤፍ

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ አካባቢ ካሉት ትላልቅ ሱፐር ማርኬቶች ወደ አንዱ የገባ ሸማች፣ ከተለመደው ፓስታና ብስኩት ፈንጠር ብሎ፣ በዋጋውም ላቅ ብሎ የተደረደረ ሌላ ፓስታና ሌላ ብስኩት ያገኛል። ማሸጊያው ላይ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ የተሠራውም ከሩዝ፣ ከበቆሎና ከድንች ዱቄት ነው። ብዙም ሳይርቅ በላስቲክ የተጠቀለለ የጤፍ እንጀራ ይሸጣል። ጤፍ ደግሞ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። «ስንዴ አይስማማኝም» የሚለው ሸማች ግን እንጀራውን አልፎ ብስኩቱን ያነሳል።

ነገሩን ላይ ላዩን ላየው ሰው ሞኝነት ይመስላል። የጤፍ አገር ሰው የሩዝ ብስኩት በዶላር ሲገዛ! ይሁን እንጂ የገበያ ሰው ሸማችን ሞኝ ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ሸማቹ የከፈለው ለምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። የከፈለው ለማረጋገጫ ነው። ማሸጊያው ላይ ከታተመው ጽሑፍ ጀርባ ምርመራ አለ፣ ሕግ አለ፣ ቢዋሽ የሚጠየቅ አምራች አለ። በላስቲክ ከተጠቀለለው እንጀራ ጀርባ ያለው የጋጋሪዋ ቃል ብቻ ነው። ግሉተን የሌለበት እህል ማምረትና ግሉተን እንደሌለበት ማስመስከር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ከጥንት ጀምሮ ስትሠራው ኖራለች፤ ገንዘቡ ያለው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በቦሌ ሳይሆን በዋግ ኽምራ ነው። ሰቆጣ ድሮ የአሞሌ ጨው ነጋዴዎች የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ዛሬም የዋግ ደጋና ቆላ እዚያው ይገናኛል። ከደጋው ገብስና ስንዴ፣ ከወይና ደጋው ጤፍ፣ ከቆላው ማሽላ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ጋር ለዓመታት አንድ ተጨማሪ እህል አብሮ ኖሯል፤ እሱም የእርዳታ ስንዴ ነው። ከግሉተን መራቅ የሚፈልግ ሰው ኑሮውም ሆነ ንግዱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታወቀው እነዚህ እህሎች በአንድ መስፈሪያ በሚሰፈሩበት ገበያ ላይ ነው።

ሆድና ወሬ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሊጡን የሚያያይዘው፣ ዳቦውንም የሚያነፋው እሱ ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሲሊያክ የተባለው በሽታ ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ትንሹን አንጀቱን ይጎዳዋል። ምግብ ከሰውነቱ ጋር አይዋሐድም፤ ደም ያንሰዋል፣ ይከሳል፣ ሕፃን ከሆነም እድገቱ ይቀጭጫል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች በሽታው ከመቶ ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ታውቋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት።

ይህ ሊታወቅ የቻለው በከፊል በረሀብ ምክንያት መሆኑ ያስገርማል። ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ ስንዴ በሽታውን ያስነሳል የሚለውን ጥርጣሬ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት አገሩ በጀርመኖች ተከብባ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕፃን በረሀብ ሲጎሳቆል የሲሊያክ ሕመምተኞቹ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በዩትሬክት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አጠናቀረው።

ዛሬ «ግሉተን አይስማማኝም» ከሚሉት መካከል ብዙዎቹ ግን ሐኪም የነገራቸው አይደሉም። ለአብነት ያህል አንድ የሰቆጣ የእህል ነጋዴ ይታሰቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ዘልሏል። ሆዳቸው ይነፋል፣ ከምግብ በኋላ ያቃጥላቸዋል፣ ድካም ይሰማቸዋል። ለዓመታት «ጨጓራ ነው» ሲሉ ኖረዋል። ጨጓራ በኢትዮጵያ ያለ ሐኪም የሚታወቅ በሽታ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ስም ያወጣለታል፣ መድኃኒቱንም ራሱ ያዝለታል። አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ከዋሽንግተን ትደውልና «ጋሼ፣ ጨጓራ አይደለም፤ ግሉተን ነው። እኔም እንደርስዎ ነበርኩ። ስንዴ ይተዉ» ትላቸዋለች። ይተዋሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀለል ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያሳምናቸው አይችልም።

ኑሯቸው ግን ቀላል አይሆንም። ጠዋት ቂንጬው ቀረ። ገንፎውም የገብስ ነውና ቀረ። ገበያ መሀል ሲውሉ የሚቆረጥሙት የገብስ ቆሎ፣ መንገድ ሲወጡ ስንቅ የነበረው በሶ ቀረ። ሰንበቴ ላይ ዳቦው ሲቆረስ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጠላውስ? ብቅሉ ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ አይሆንም። የዋግ ማር ስሙ የተጠራ ነውና ጠጅ ይፈቀድላቸዋል፤ በየተስካሩና በየማኅበሩ ጠጅ የሚጥል ግን ማን ነው? ከለቅሶ ቤት ጠላ አልጠጣም ያለ ሰው «ምን ቂም ይዞ ነው?» መባሉ አይቀርም። የሚቆርቡም ከሆነ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ከስንዴ ስለሚዘጋጅ ጉዳዩ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ይሆናል።

እንጀራውም ቢሆን እንደሚታሰበው አያስተማምንም። እቤታቸው ንጹሕ ጤፍ ሊያስጋግሩ ይችላሉ። እንግዳ ሆነው በሄዱበት ቤት የሚቀርብላቸው እንጀራ ግን ገብስ የገባበት፣ ማሽላ የተቀላቀለበት ወይም ጭራሹን የገብስ ሊሆን ይችላል። ማሽላው አይጎዳም፤ ገብሱ ግን ያው ግሉተን ነው። ባለቤቲቱን «ይህ እንጀራ ምን ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በዋግ እንግዳ ወግ ነውር ነው፤ ድህነቷን ገልጦ እንደማየት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። እኒህ ሰው በእርግጥ የግሉተን በሽተኛ ናቸውን? ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኖርዌይና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሲሊያክ የሌለባቸው ነገር ግን በራሳቸው ውሳኔ ግሉተን ያቆሙ 59 ሰዎችን ተቀብሎ ነበር። ተሳታፊዎቹ ምን እንደሚበሉ ሳያውቁ በተለያየ ጊዜ ግሉተን ያለበት፣ ፍሩክታን የተባለ የስኳር ዓይነት ያለበትና ሁለቱም የሌሉበት ምግብ ቀረበላቸው። ሆዳቸውን ይበልጥ የነፋው ግሉተን ሳይሆን ፍሩክታኑ ሆኖ ተገኘ። ፍሩክታን በስንዴ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም ውስጥ በብዛት አለ። ሆድ የሚነፋ ተመሳሳይ ነገር በሽምብራና በአተርም አይጠፋም። እንግዲህ ስንዴውን ትቶ፣ በሽንኩርት የተቁላላውን ሽሮ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ከሆድ ዕቃው ጋር የታረቀ ቢመስለው ዕርቁ ግማሽ ነው።

ከዚህም ሌላ ጃርዲያ፣ አሜባና የጨጓራ ባክቴሪያ ብርቅ ባልሆኑበት አገር እያንዳንዱን የሆድ ሕመም ለስንዴ መስጠት አደጋ አለው። ትክክለኛው በሽታ ሳይታከም ይቆያል። የከፋው ደግሞ የቅደም ተከተሉ ስህተት ነው። የሲሊያክ የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት በግሉተን ላይ ያነሳውን ቁጣ ነው። ሰውየው ግሉተን ካቆመ ወራት ካለፈው ቁጣው ይበርድና ምርመራው «ነፃ ነህ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው የትም ይደረግ የት፣ መደረግ ያለበት ስንዴ እየተበላ ነው። መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ መተው ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለት ደንበኞች

በገበያ ዓይን ሲታይ እንግዲህ «ከግሉተን ነፃ» የሚለውን ዕቃ የሚገዙ ሁለት ዓይነት ደንበኞች አሉ። የመጀመሪያው በምርመራ የተረጋገጠለት የሲሊያክ ሕመምተኛ ነው። በቁጥር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ዋጋ ሲጨምር አይሸሽም፣ ፋሽን ሲለወጥ አይለወጥም፣ እስኪሞት ድረስ ደንበኛ ነው። ጥቂት ፍርፋሪ ይጎዳዋልና የሚቀርብለትን ዕቃ በጥንቃቄ ይመረምራል። ሁለተኛው በራሱ ግምት ስንዴ ያቆመው ነው። በቁጥር እጅግ ይበዛል፤ ገበያውን ያሞቀውም እሱ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ ግሉተን ያለ፣ ከርሞ ወተት ወይም ስኳር ሊል ይችላል።

ሁለተኛውን ደንበኛ መናቅ የነጋዴ ሥራ አይደለም። ገንዘቡ ገንዘብ ነው፤ ሕመሙም ምክንያቱ ሌላ ይሁን እንጂ ሕመም ነው። ሆኖም ካፒታሉን በእሱ ስሜት ላይ ያፈሰሰ ባለሀብት ቤቱን በአሸዋ ላይ እንደሠራ ይቆጠራል። ለመጀመሪያው ደንበኛ የሚበቃ ጥራት ለሁለተኛውም ይበቃል። ለሁለተኛው ብቻ የሚበቃ ጥራት ግን የመጀመሪያውን ያሳምማል፤ አንድ ሰው ታመመ የተባለ ዕለትም ሁለቱም ይሸሻሉ። ስለሆነም ሥራው መታቀድ ያለበት በጥቂቶቹ መስፈርት ነው።

መስፈርቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሻሻለው ደንብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ይላል። የአውሮፓ ኅብረትም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንቡን ያወጣው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የያዙት ይህንኑ ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር ለእህል ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ይታይ። ስንዴ ከክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ ግሉተን ነው። አንድ ኪሎ ስንዴ እንግዲህ 100 ግራም፣ ማለትም 100 ሺህ ሚሊግራም ያህል ግሉተን ይዟል። 100 ሺህ ለ20 ሲካፈል 5 ሺህ ይመጣል። በሌላ አነጋገር አንድ ኪሎ ስንዴ 5 ሺህ ኪሎ ጤፍን፣ ማለት 50 ኩንታልን፣ እስከ መጨረሻው ጣሪያ ያደርሰዋል። ሃምሳ ኩንታል አንድ አይሱዙ የሚጭነው ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ስንዴ የተደባለቀበት አይሱዙ ሙሉ ጤፍ ለአገር ውስጥ ገበያ ማለፊያ ጤፍ ነው። ለሲሊያክ ሕመምተኛ ግን ስንዴ የነካው ዕቃ ነው።

ከአውድማ እስከ ምጣድ

አንድ ኪሎ ስንዴ ወደ ጤፍ የሚገባው በተንኮል ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ማንም ሳያስበው ነው። የዋግ ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው፤ ስንዴና ገብስ የወቃበት አውድማ ላይ ጤፉንም ይወቃል። የከተማው ነጋዴ ጤፍ የሚሰፍርበት ጆንያ ቀድሞ ስንዴ የነበረበት ሊሆን ይችላል። የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ ጠንካራ ነውና ባዶው አይጣልም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዓመታት ያገለግላል። መጋዘኑ አንድ፣ መስፈሪያው አንድ፣ ወንፊቱ አንድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ወፍጮ ቤቱ ነው። ወፍጮው ለሁሉም ይፈጫል። ከአንዷ እመቤት ስንዴ ቀጥሎ የሌላዋ ጤፍ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች የቀዳሚዋን ዱቄት ይዘው እንደሚወርዱ ወፍጮ ቤት የቆመች ሴት ሁሉ ታውቃለች። «ነጭ ከነጭ ኋላ ይፈጭልኝ» የምትለውም ለዚህ ነው፤ እሷ የምታስበው ግን ለቀለሙ ነው። ከወፍጮ የተረፈውን ስህተት እርሾ ይጨምርበታል፤ ገብስ ከተቀላቀለበት ቡኮ የተረፈ እርሾ ለዛሬው ንጹሕ ጤፍ ይጣላል። ሊጡ ሲቦካ ግሉተኑ ይጠፋል ብሎ መተማመንም አይቻልም።

እንግዲህ «ጤፍ ግሉተን የለበትም» የሚለው እውነት ስለ ዘሩ የተነገረ ነው። ገበያ ላይ ስለሚሸጠው ዱቄት የተነገረ አይደለም። በርካታ ላኪዎችና እንጀራ ጋጋሪዎች ይህን ልዩነት እንደ ቀልድ ያዩታል። በውጭ አገር ያለ ገዢ ግን ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ሲያስገባ ማንነቱን የሚያውቀው ዱቄቱን እንጂ ዘሩን አይደለም።

ጭብጦውን የቀማው

ለዘሩ ንጽሕና ማስረጃ ያቀረበው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በኔዘርላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን ከሲሊያክ ሕመምተኞች በተወሰዱ ሴሎች ፈትሸው፣ አንዱም ቁጣ እንዳላስነሳ በታወቀው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አሳተሙ። ጤፍ ለአዲሱ ገበያ የይለፍ ወረቀት ያገኘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር ጥቅም ለመጋራት ውል ተፈራረመ። ኩባንያው ቀደም ብሎ ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የባለቤትነት መብት አመልክቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ የባለቤትነት መብት ቢሮ ተሰጠው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሠረ፤ መብቱ ግን ወደ ሌላ ድርጅት ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ ወደ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። በኋላ ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 መብቱ በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይህ ነው።

በዚህ መሀል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር። ዓላማው የአገር ውስጥ ዋጋን መግታት ሲሆን፣ የተጋገረ እንጀራ ግን እንዲወጣ ተፈቅዷል። ለከተማ ሸማች ተቆርቋሪነት የታየበት እርምጃ መሆኑ አይካድም። ውጭ ያለው ፍላጎት ግን በክልከላ አልቆመም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይዘራ ነበርና ገበያው ወደዚያ ዞረ፤ ኔዘርላንድና ስፔንም ዘሩ። የኢትዮጵያ ነጋዴ ንጹሕ ወፍጮና ላቦራቶሪ ለማቆም የሚያነሳሳው ምክንያት ግን አጣ። ከላይ የተነገረው የአውድማና የወፍጮ ችግር ሳይነካ ዓመታት ያለፉት በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

ምርጫ የሌለው ሸማች

ዋግ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ? ዋግ የተትረፈረፈ ምርት የሚላክበት አካባቢ አይደለም። ዝናቡ አጭር፣ መሬቱ የተሸረሸረ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነትም አካባቢውን አልፎ አልሄደም፤ ገበሬውን አፈናቅሏል።

የዋግ ገበሬ ጤፍ ሲያገኝ ጤፍ ውድ ነውና ይሸጠዋል፤ በገንዘቡ ረከስ ያለ እህል ይገዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በእህል ሲከፈል ደግሞ የሚሰፈርለት አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ነበር። ስለዚህ ጤፉ ወደ ከተማ ይወጣል፣ ስንዴው ወደ ገጠር ይገባል። በከተማ ያለው ሰው ስንዴን በፈቃዱ ሲተው፣ የዋግ ገበሬ ስንዴን የሚበላው ሌላ ስለሌለው ነው። ከዚህ ገበሬ ልጆች አንዱ በእርግጥ ሲሊያክ ቢኖርበትስ ማን ያውቃል? የከሳ ሕፃን ብርቅ ባልሆነበት መንደር በስንዴ የከሳውን ሕፃን ከሌላው የሚለየው የለም። እናቱም የተሰጣትን ስንዴ ጋግራ ታበላዋለች።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ተሰርቋል በሚል በመላ አገሪቱ ስርጭት ሲያቋርጡ፣ በሌላ አገር ስንዴ ላይ የቆመ ገበታ እንዴት በአንድ ቀን እንደሚነሳ ታየ። ስርጭቱ ከወራት በኋላ ቢቀጥልም፣ ዩኤስኤአይዲ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሥራውን አቁሟል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ባለሀብቱ «ጤፍ ልላክ» ከማለቱ በፊት አንድ ንጹሕ ወፍጮ ያቁም። ከጤፍ በቀር ሌላ እህል የማይገባበት ወፍጮ፣ አዲስ ጆንያ፣ የተለየ መጋዘንና ጭነት በመጣ ቁጥር ናሙና ወስዶ የሚመረምር ሰው ይበቃል። ይህ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ጋር የሚወዳደር ካፒታል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥነ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ደንበኛውም አገር ውስጥ አለ። ዛሬ የሩዝ ብስኩት በዶላር የሚገዛው የቦሌ ሸማች የተመረመረ እንጀራ ቢያገኝ የማይገዛበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ገበሬው ሸራ ላይ ወቅቶ፣ ስንዴ ያልነካው ጤፍ ቢያመጣ ከሌላው የበለጠ ይከፈለው። ጭማሪው ለደላላ ብቻ ከቀረ ገበሬው ነገ ወደ ድሮው አውድማው ይመለሳል፤ እውነትም አለው። በዋግ የተበታተነውን ጥቂት ጤፍ ለመሰብሰብ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ከነጉድለታቸው ያሉት ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ገበያ በሚሠራባቸው ወራት በገንዘብ ይሁን። የሰቆጣ ነዋሪ ገንዘብ ሲይዝ የዋግን ማሽላና ገብስ ይገዛል፤ ስንዴ የማይስማማውም ምርጫ ያገኛል። ዋጋ በሚንርበት ክረምት ገንዘቡ እንደሚቀልጥ ግልጽ ነውና በዚያን ጊዜ በእህል መክፈሉ ይመረጣል። ያም ሆኖ እህሉ ስንዴ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ ማሽላም ይሰፈራል።

«ፋሽኑ ቢያልፍስ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቦሊቪያና የፔሩ ገበሬ የሚያመርተው ኪንዋ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2014 ሰማይ ከነካ በኋላ ሌሎች አገሮች ሲዘሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ተንኮታኩቷል። በራሱ ግምት ስንዴ ያቆመው ሸማችም አንድ ቀን ወደ ዳቦው ይመለሳል። ሲሊያክ ያለበት ግን አይመለስም። ፋሽኑ ቢያልፍ እንኳ ንጹሕ ወፍጮ ለአገር ውስጥ ሸማች ይተርፋል፤ ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚለው ስጋት ሸማቹን ካስጨነቀው ቆይቷልና።

የሰቆጣው ነጋዴም ከዚህ ሁሉ የሚያተርፉት ነገር አለ። ለሆዳቸው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ዳቦውን አይተዉ። ለንግዳቸው ደግሞ ነገ ገበያ ሲወጡ ጤፍ የሚሰፍሩበትን ጆንያ ገልብጠው ይመልከቱ። «ቀድሞ ምን ነበረበት?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ በመምጣት ላይ ነው። መልሱን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሻጭ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል።